ኖርማን ሊር

ኖርማን ሊር (ሐምሌ 20 ቀን 1914 – ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.) አሜሪካዊ የቴሌቪዥን ጸሐፊ፣ ፕሮዲዩሰርና የመብት ተሟጋች ነበር። ዘረኝነትን፣ ጦርነትንና ፅንስ ማቋረጥን የመሰሉ ርዕሶችን ወደ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ (ሲትኮም) በማስገባቱ ይታወቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊር በኮነቲከት ግዛት፣ ኒው ሄቨን ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው አባቱ በማጭበርበር ወንጀል ታሰረ። ቻርልስ ኮግሊን የተባለው ቄስ በሬዲዮ አይሁዶችን ሲያወግዝ በልጅነቱ መስማቱንም በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮሌጅ አቋርጦ ወደ አየር ኃይል ገባና በቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን 52 ጊዜ ለውጊያ በረረ።

== የቴሌቪዥን ሥራው ==

ከጦርነቱ በኋላ ለኮሜዲያኖች ቀልድ ይጽፍ ነበር። ታዋቂ ያደረገው ግን በጥር 1971 በሲቢኤስ ጣቢያ የጀመረው «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» ነው። መነሻው የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ ሲሆን፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ አርቺ በንከር ጥቁሮችን፣ አይሁዶችንና ስደተኞችን የሚንቅ የኒው ዮርክ ሠራተኛ ነው። ሊር የአርቺን ጠባይ በከፊል የቀዳው ከገዛ አባቱ ነው። ድራማው ለአምስት ተከታታይ የስርጭት ዘመናት በአሜሪካ በተመልካች ብዛት አንደኛ ነበር።

የሊር ሐሳብ በዘረኝነት ላይ ማሳቅ ነበር። ይህ ሠርቷል ወይ የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ኒል ቪድማርና ሚልተን ሮኪች በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ ጭፍን ጥላቻ ያላቸው ተመልካቾች አርቺን የማድነቅ ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይተዋል፤ ማለትም አንዱን ቀልድ ሁለት ወገኖች ለየራሳቸው ሲስቁበት ነበር።

በኅዳር 1972 «ሞድ» በተባለው ድራማው የ47 ዓመቷ ባለታሪክ ፅንስ ለማቋረጥ ወሰነች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፅንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ የፈቀደው ከሁለት ወር በኋላ ነበር። ክፍሉ በድጋሚ ሲቀርብ በርካታ የክልል ጣቢያዎች አናሳይም አሉ።

ከጥቁር ተመልካቾችም ወቀሳ ደርሶበታል። «ጉድ ታይምስ» በቺካጎ የሚኖር ድሃ ጥቁር ቤተሰብን ያሳይ ነበር፤ ዋና ተዋንያኑ ኤስተር ሮልና ጆን ኤሞስ ሳይቀሩ የበኩር ልጁ እንደ ጅል መቅረቡን ተቃወሙ፤ ኤሞስም በ1976 ከድራማው ተሰናበተ። ሀብታም የሆነ ጥቁር ቤተሰብን የያዘው «ዘ ጀፈርሰንስ» በ1975 ተጀምሮ እስከ 1985 ዘለቀ።

== ተሟጋችነቱ ==

በ1980ዎቹ መባቻ ከቀድሞዋ የምክር ቤት አባል ባርባራ ጆርዳንና ከሌሎች ጋር ሆኖ «ፒፕል ፎር ዘ አሜሪካን ዌይ» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ዓላማው የጄሪ ፋልዌልን «ሞራል ማጆሪቲ» የመሰሉ የሃይማኖት ወግ አጥባቂዎች በፖለቲካ ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ መቋቋም ነበር። በ2000 ደግሞ ከሌላ ባለሀብት ጋር የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ የመጀመሪያ ኅትመት አንድ ቅጂ በ8.14 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በየግዛቱ ለሕዝብ እንዲታይ አዞረው።

በ2020 የኤሚ ሽልማት ሲቀበል ዕድሜው 98 ነበር። በሎስ አንጀለስ በ101 ዓመቱ አረፈ።