ምግብ ባለበት ቤት የሚራቡ አረጋውያን

እ.ኤ.አ. በ1974 ቻርልስ በተርዎርዝ የተባለ የአላባማ ሐኪም አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ በሀብታሟ አሜሪካ ሆስፒታሎች ውስጥ ሕሙማን በምግብ እጥረት እየተጎዱ ነው የሚል። ቁመትና ክብደታቸው በካርዳቸው ላይ አይጻፍም፤ ለምርመራ ተብሎ ቁርስና ምሳቸው ይታለፋል፤ ለቀናት ግሉኮስ ብቻ ይንጠለጠልላቸዋል። ወጥ ቤቱ ሙሉ ነው፣ በሽተኛው ግን ይከሳል። ይህ በማንኛውም ዕድሜ ያለን ሰው ቢያገኝም አረጋዊን የባሰ ይጎዳል፤ የቀለጠ ጡንቻውን መልሶ መገንባት ይከብደዋልና።

መንግሥታት የአረጋዊን ረሃብ ለረጅም ዘመን የገንዘብ ጉዳይ አድርገው ነበር የያዙት። የጀርመኑ ቢስማርክ በ1889 ያስጸደቀው ሕግ 70 ዓመት ለሞላው ሠራተኛ ጡረታ ቆረጠለት። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሆኖም ብር ብቻውን ወጥ አይሠራም፣ አያጎርስም። በ1938 የተቋቋመው የብሪታኒያ ሴት በጎ ፈቃደኞች ማኅበር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ከቤት መውጣት ላቃታቸው አረጋውያን ትኩስ ምግብ ማዳረስ ያዘ። በ1954 የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ተከተለች፤ ምግቡን ያመላልሱ ከነበሩት ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። በ1972 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት ሕግ ከ60 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች በሳምንት 5 ቀን ተሰብስበው ትኩስ ምግብ የሚበሉበትን ፕሮግራም በመላ አገሪቱ ዘረጋ። ከዚህ ሕግ እጅግ የማደንቀው አብሮ መብላትን ራሱን እንደ ዓላማ መያዙን ነው። ልጆቻቸው ወደ አሜሪካ የወሰዷቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ልጆቹ ሥራ ሲውሉ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ፤ ፍሪጁ ሞልቶ ምሳ ሳይበላ ይመሻል። በሚኖሩበት ከተማ ይህ የአረጋውያን ምሳ መኖሩን ልጆች ቢጠይቁላቸው መልካም ነው፤ ሕጉ የገቢ መጠን አይመረምርም።

እኛ ዘንድ ሥራው የቤተሰብ ነበር። ጥርስ ለከዳቸው ፍትፍት፣ ቆሎ መቆርጠም ላቃታቸው በሶ፣ ለታመሙ አጥሚት ይዘጋጃል። ከአንድ መሶብ በሚበላበት ቤት ደግሞ እጁን ቶሎ የሚሰበስብ ሰው አይሰወርም፤ «ምነው እማማ፣ ዛሬ አልበሉልኝም» የሚል ይኖራል። ልጆች ለሥራ ሲሰደዱ የሚጎድለው ይህ የሚያስተውል ዓይን ነው፤ የሚልኩት ገንዘብ አይተካውም።

በኢትዮጵያ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ ቅድሚያው ለሕፃናት ሆነ፤ ቶሎ የሚሞቱት እነሱ ናቸውና ተገቢ ነበር። ግን ልማዱ እዚያው ቀረ። ዛሬም በምግብ እጥረት ልየታ ክንዳቸው የሚለካው በዋናነት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች ናቸው። በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም የዓለመው ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ማስቀረትን ነው። በ1997 ዓ.ም. የጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥራ መሥራት ለማይችሉ፣ አረጋውያንን ጨምሮ፣ ቀጥታ ድጋፍ ማድረጉ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያን መርጃ ማዕከልም ከጎዳና እያነሳ ማብላትና ማልበሱ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የምግብ እጥረት ያለባቸው አረጋውያን ሁሉ ደሃ አይደሉም፤ ጎዳናም ላይ አይገኙም።

ዕድሜ ሲገፋ ሽታና ጣዕም ይደበዝዛሉ፤ አንዳንድ መድኃኒት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ የትዳር ጓደኛ ሲሞት ብቻ መብላት ያስጠላል። በብዙዎች ላይ የጨጓራ አሲድ ስለሚቀንስ ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ ውስጥ ለመውሰድ ይቸገራሉ፤ ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮው የሚገኘው ደግሞ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ስለዚህ የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ለደከመ አረጋዊ ቀላል አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ጹም ብላ አታስገድድም፤ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር የሚያሳፍር ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የዘርፉ ባለሙያዎች ያወጡት ምክር ጤነኛ አረጋዊ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል ይላል፤ 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ50 እስከ 60 ግራም መሆኑ ነው። ሽሮና ምስር ይረዳሉ፤ በፍስክ ቀን እንቁላልና ወተት ይታከሉ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙን ይጠይቅ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በፈረንሳይዋ ቱሉዝ ብሩኖ ቬላስና ባልደረቦቹ የአረጋውያንን የምግብ እጥረት ለመለየት ያዘጋጁት መጠይቅ አጭር ቅጂው 6 ጥያቄዎች ብቻ አሉት። ባለፉት 3 ወራት መብላት ቀንሰዋል? ከ3 ኪሎ በላይ ከስተዋል? እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ? እያለ ይቀጥላል። ሚዛን በሌለበት የባት ዙሪያ በሜትር ይለካል፤ ከ31 ሳንቲ ሜትር ካነሰ አደጋ አለ። ይህን ለመሥራት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን አዲስ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም፤ ጤና ሚኒስቴር በቤት ለቤት ጉብኝታቸው ውስጥ ሊያካትተው ይገባል። አንባቢም የእናትዎ ቀሚስ ሰፍቷቸው ካዩ «እርጅና ነው» ብለው አይለፉት፤ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።