ተከሳሹ አዲሱ ከርነል

«ደህና ነበር እኮ፤ አፕግሬድ ካደረግን ወዲህ ነው የተበላሸው።» ኔትወርክ ጥገና ላይ የዋለ ሰው ይህን ክስ ሳይሰማ አይሰነብትም። ተከሳሹም ሁልጊዜ ያው ነው፦ መጨረሻ የመጣው። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት፣ የከርነል 2.4፣ ታሪክ ነው።

2.4 የወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ነው። ያኔ ከርነሉን ራሱ ኮምፓይል የሚያደርግ ብዙ ነበር። ከምርጫዎቹ አንዱን፣ ኢሲኤን የሚባለውን፣ አብርቶ የጫነ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመው። አብዛኛው ድረ ገጽ እንደ ወትሮው ይከፈታል፤ አንዳንዱ፣ ትልልቆቹም ጭምር፣ ድምፁ ይጠፋል። አጠገቡ ያለው አሮጌ ከርነል የጫነ ኮምፒውተር ግን ያንኑ ገጽ ወዲያው ይከፍታል። በምርጫው ማብራሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ነበር፤ ግን ማብራሪያ ማን ያነባል?

የሚወጡና የሚገቡ ፓኬቶችን የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕ ለከፈተ ነገሩ ይታይ ነበር። ግንኙነት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ፓኬት፣ ሲን፣ ይወጣል፤ መልስ የለም። 3 ሰከንድ ጠብቆ ይደግማል፤ ቀጥሎ 6፣ ቀጥሎ 12። አለዚያም መልሱ በር የሚዘጋ ሪሴት ይሆናል። የአሮጌውንና የአዲሱን ሲን አስተያይቶ ላየ ልዩነቱ ሁለት ቢት ብቻ ነው።

የኢሲኤን ሐሳብ መስመር ሲጨናነቅ ራውተሩ ፓኬቱን ከሚጥለው ምልክት ያድርግበት፣ ላኪውም ያን አውቆ ፍጥነቱን ይቀንስ የሚል ነው። የኔትወርክ ተመራማሪዋ ሳሊ ፍሎይድ በ1994 ጽፈውበታል፤ በ1999 ከራማክሪሽናን ጋር ሆነው የሙከራ ደንብ አወጡለት። ኢሲኤንን ለመጠየቅ ሲኑ ላይ የሚበሩት ሁለቱ ቢቶች የተወሰዱት የ1981ዱ የቲሲፒ ደንብ ለኋላ ብሎ ካስቀመጣቸው ስድስት ቢቶች ነው። እስኪፈለጉ ድረስ ዜሮ ይሁኑ ተብሎ ነበር። አንዳንድ ፋየርዎሎች ግን ዜሮ ያልሆነውን ሁሉ ሰርጎ ገብ አደረጉት፤ አዲሱን መታወቂያ አላውቀውም ብሎ እንግዳ እንደሚመልስ ዘበኛ። ስጋታቸው ከመሬት አልተነሣም፤ ኮምፒውተር የሚሰልሉ መሣሪያዎች በእነዚሁ ቢቶች ይጠቀሙ ነበር። ቢሆንም በእኔ ፍርድ ጥፋተኛው ፋየርዎሉ ነው፤ ፍሎይድም በነሐሴ 2002 በወጣው አርኤፍሲ 3360 እንዲህ ያለውን ሪሴት ጎጂ ነው ብለውታል።

ተጠቃሚው ግን ገጹ እንዲከፈትለት ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ኢሲኤንን አጠፋ። ሊኑክስም በ2009 ከወጣው 2.6.31 ጀምሮ ሌላው ወገን ከጠየቀው የሚቀበል እንጂ፣ ካልታዘዘ በቀር፣ ራሱ ቀድሞ የማይጠይቅ ሆነ። በ2015 የወጣ ከርነል ደግሞ፣ ኢሲኤን ሲበራለት፣ የላከው ሲን መልስ ካጣ ሁለቱን ቢቶች አጥፍቶ በራሱ ይደግማል፤ የ2001ዱ ሰው በእጁ ያደርገው የነበረውን ማለት ነው።