የድቡልቡል ድንጋይ ቤቶች የግንብ ጥበብና የኖራ ድርሻ

በዩናይትድ ስቴትስ ኒውዮርክ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ በሮቸስተር ከተማ ዙሪያ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ በድቡልቡል ድንጋይ የተገነቡ ጥንታዊ ቤቶች ይገኛሉ። አብዛኞቹ የታነጹት እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1860 ባሉት ዓመታት ነው። "ኮብልስቶን" የሚለው ስም በአገራችን ተጠርቦ ለመንገድ ንጣፍ የሚውለውን ድንጋይ ያስታውሳል። የእነዚህ ቤቶች ድንጋይ ግን ያልተጠረበ፣ በአንድ እጅ ሊያዝ የሚችል የተፈጥሮ ድንጋይ ነው።

ድንጋዮቹን ወደ አካባቢው ያመጣቸው በበረዶ ዘመን ከሰሜን አቅጣጫ የተንቀሳቀሰው ግግር በረዶ ሲሆን፣ በረዶው ሲቀልጥ በመሬቱ ላይ ተበትነው ቀርተዋል። ገበሬዎች ማሳቸውን ለማጽዳት ለቅመው ያከማቿቸው ነበር። የኤሪ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1825 ተጠናቆ ስንዴያቸው ሰፊ ገበያ ሲያገኝ፣ ከግንድ የተሠሩ ቤቶቻቸውን በድንጋይ ቤቶች ለመተካት የሚያስችል አቅም አገኙ።

የግንቡ ውፍረት በአብዛኛው ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የውስጠኛው ክፍል በልዩ ልዩ መጠን ባላቸው ድንጋዮችና በኖራ ድብልቅ ይሞላል፤ የፊት ገጽታው ደግሞ በመጠን ተመርጠው በተርታ በተደረደሩ ድቡልቡል ድንጋዮች ይሸፈናል። ረዘም ያሉት ድንጋዮች ጫፋቸው ወደ ግንቡ ውስጥ እንዲዘልቅ ስለሚደረግ የፊቱን ገጽታ ከውስጠኛው ክፍል ጋር ያስተሳስራሉ። ማዕዘኖቹና የመስኮትና የበር ደፎች ግን በተጠረበ ድንጋይ ይሠራሉ። በተርታዎቹ መካከል ግንበኛው ድብልቁን ወደ ውጭ ወጣ ባለ ቀጥተኛ መስመር ይቀርጸዋል፤ የድንጋዮቹ ቅርጽ የተለያየ ቢሆንም ግንቡ የተስተካከለ መልክ የሚያገኘው በዚህ መስመር ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከማሳ የተለቀሙ፣ ቀለማቸውና መጠናቸው የተለያየ ድንጋዮች ሥራ ላይ ይውሉ ነበር። በኋላ ግን የኦንታሪዮ ሐይቅ ሞገድ ያለሰለሳቸው ትናንሽ ድንጋዮች እየተመረጡ መጡ። ጠፍጣፋ ድንጋዮችን እያዘነበሉ በዓሣ አጥንት አምሳል መደርደርም የተለመደ ነበር።

ክብ ድንጋዮች እርስ በርስ የሚነካኩበት ገጽ አነስተኛ በመሆኑ የግንቡ ጥንካሬ በአብዛኛው የተመሠረተው በማያያዣው ላይ ነው። ማያያዣው የኖራ ድንጋይ በእቶን ተቃጥሎ፣ በውኃ ከበረደ በኋላ ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ይዘጋጃል። ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ስለሚጠነክር፣ ግንበኞች በአንድ ቀን ከጥቂት ተርታዎች በላይ አይገነቡም ነበር። ቢቸኩሉ የላይኛው ክብደት ገና ያልጠነከረውን ተርታ ገፍቶ ያወጣዋል።

እነዚህን ቤቶች ለጉዳት ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱ በስሚንቶ የሚደረግ ጥገና ነው። ኖራ እርጥበትን የሚያስተነፍስና ለጥቃቅን እንቅስቃሴዎች የሚለዝብ ሲሆን፣ ስሚንቶ ግን ጠጣርና ውኃ የማያሳልፍ በመሆኑ እርጥበቱን በግንቡ ውስጥ ያስቀራል። በክረምት ውኃው ወደ በረዶ ተለውጦ ሲሰፋ ግንቡ ይሰነጠቃል፤ ድንጋዮቹም ይወድቃሉ። ስሚንቶውን በኋላ ለማንሳት ሲሞከር ደግሞ ድንጋዩ አብሮ ይነቀላል።

ስለዚህ በአግባቡ የሚከናወን ጥገና የተበላሸውን ማያያዣ በእጅ መሣሪያ በጥንቃቄ በማውጣት ይጀምራል። ክፍተቱ ከጸዳና ውኃ ከተረጨበት በኋላ ከቀድሞው ጋር በቀለም በሚመሳሰል የኖራና የአሸዋ ድብልቅ በንብርብር ይሞላል። ድብልቁ በፀሐይና በነፋስ ፈጥኖ እንዳይደርቅም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል።

ይህ ትምህርት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጎንደር ፋሲል ግቢ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በስሚንቶ የተደረጉ ጥገናዎች ከጊዜ በኋላ በኖራ ሥራ እንዲታረሙ ተደርጓል።

በኒውዮርክ ቻይልድስ መንደር እ.ኤ.አ. በ1834 የተሠራው የድቡልቡል ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን የዚህ ጥበብ ሙዚየም አካል ሆኖ ተጠብቋል። የሌሎቹ ቤቶች ዕድሜ ግን በአብዛኛው የተመካው ባለቤቶቻቸው ለጥገና በሚመርጡት ማያያዣ ላይ ነው።