ፋይሉ ተከፈተ፣ ፊደሉ ግን የለም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ቆቦ ላይ ጉዳዩን ቁብ የሰጠው ሰው አላየሁም። ማሽኑ እስከሠራ ድረስ ማን ስለ ድጋፍ ይጨነቃል? ችግሩ ግን ማመልከቻና ውል የሚጻፍባቸው የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች የሚሠሩት ባረጁ ዴስክቶፖች ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያረጀ ፕሮሰሰር አይቀበልም። ቫይረሱም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራል። ከእነዚህ ቤቶች አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። «አንተ ኢንጂነር አይደለህ እንዴ፣ መላ በላ» ስትለኝ ሊኑክስ ጫንኩላት።

የመጀመሪያው ሳምንት ንዴት የትም አገር ያለ ነው። ሲ ድራይቭ የት ሄደ? ፕሪንተሩ ለምን ዝም አለ? አንድ ነገር በጫንኩ ቁጥር ለምን የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል? ይኼ ይለመዳል። እኔን የሳበኝ እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች ብቻ የምንናደድበት ነው።

ለምሳሌ ቋንቋውን ወደ አማርኛ ስትቀይሩት መስከረምን ትጠብቃላችሁ፣ የሚመጣው ግን «ሴፕቴምበር» ነው፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ፈረንጅ። ኒያላ የተባለው የዊንዶውስ ፎንት ሊኑክስ ላይ የለም፤ በሌላ ሲተካ አንድ ገጽ የነበረው አቤቱታ ሦስት መስመር ወደ ሁለተኛው ገጽ ያፈሳል። በገጽ ለሚያስከፍል ቤት ይኼ ቀላል ጭቅጭቅ አይደለም።

ኪቦርዱም አለ። ሊኑክስ ላይ በብዛት የምናገኘው የአማርኛ አጻጻፍ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። ያኔ ዓላማው አማርኛን በላቲን ፊደል በኢሜይል መላላክ ነበር። ለ«ጠ» ትልቁን ቲ፣ ለ«ጨ» ትልቁን ሲ መምታት አለባችሁ። ጣቷ በሌላ ፕሮግራም የሠለጠነ ጸሐፊ እንደ ጀማሪ ኪቦርድ ኪቦርዱን ማየት ትጀምራለች። የሥርዓቱ ስም «ሴራ» መሆኑን ስነግራት «ገብቶኛል» አለች።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሆነው ግን የድሮ ፋይሎቿ ነገር ነው። አንድ ሰውዬ በ2004 ዓ.ም. ያስጻፉት የቤት ሽያጭ ውል ወረቀቱ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቶባቸው «ኮምፒዩተርሽ ላይ አይጠፋም ብዬ ነው» እያሉ መጡ። አልጠፋም ነበር። ፋይሉ ተከፈተ። ከላይ እስከ ታች ግን ጭረትና ነጥብ የለበሰ የላቲን ፊደል ብቻ። ሰውዬው እኔን አዩ፤ እሷም እኔን አየች።

ይኼ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ፊደላችንን ወደ ማሽን ለማስገባት ከታገሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ይኼ ሁሉ ፊደል በዚያ ሁሉ ቁልፍ አልገባ ስላለ፣ ፊደሉን ከነቅጥያው ነጣጥለው ምልክቱን ለብቻ እንዲመታ አደረጉት። ማሽኑ ለፊደሉ ከመስፋት ይልቅ ፊደሉ በማሽኑ ልክ ተቆረጠ ማለት ነው።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ያው ጣጣ ተደገመ። የያኔው ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነው ያለው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231፤ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮች ሲጨመሩ 251፤ እነ «ሏ» እና እነ «ኳ»፣ ሥርዓተ ነጥቡም ሲመጣ ሞልቶ ይፈሳል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደ ፍስሐ አጥላውና እንደ ዶ/ር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች (የእንስሳት ሐኪሙ ማለቴ ነው፤ ከተማ የሚያጸዳው ጋሽ አበራ ሞላ ሌላ ነው) በየፊናቸው መላ ፈለጉ። በኋላ የመጡት ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በየቢሮው ገቡ። በድሮዎቹ ፎንቶች ዘዴው ማልበስ ነበር፦ ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ኮድ ነው፣ ፎንቱ ግን የ«ለ»ን ስዕል ያለብሰዋል። ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው ያለበሰው። የአንዱ «ለ» በሌላው ፎንት «መ» ሊሆን ይችላል።

በ1999 (እ.ኤ.አ.) ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች የራሳቸውን ቁጥር አገኙ። ሀ 1200 ሆነች፤ ዊንዶውስም ላይ፣ ሊኑክስም ላይ፣ በስልክም። ዊንዶውስ ግን ኒያላንና የአማርኛ ኪቦርድን ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር፣ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ነው። እስከዚያ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ጸሐፊዎቻችን በለመዱት ቀጠሉ። ምን ይጎድልባቸዋል? ስክሪኑ ላይ «ለ» ይታያል፣ ወረቀቱ ላይ «ለ» ይወጣል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም እስክትቀይሩ ድረስ ልዩነቱ አይታይም። ለዚህ ነው «ሊኑክስ አማርኛ አይችልም» ሲባል የማልቀበለው። አማርኛ ያልነበረው ፋይሉ ውስጥ ነው።

የሰውዬውን ውል አወጣነው። የድሮውን ፎንት ካንድ ካረጀ ማሽን ላይ ቀድተን ስንጭነው ፊደሉ ቦታው ላይ ተመለሰ፤ አተምንላቸው፣ ሄዱ። ነገር ግን ስማቸውን በአማርኛ ጽፈን ብንፈልግ አይገኝም፤ ለኮምፒዩተሩ እዚያ ገጽ ላይ አንድም የአማርኛ ፊደል የለማ።

ስለዚህ እያንዳንዱን የላቲን ኮድ ወደ ትክክለኛው የዩኒኮድ ፊደል የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሠንጠረዡን የሞላችው እሷ ናት፤ የትኛው ጭረት የትኛው ፊደል እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ዓይኗ ያውቃል። አስቸጋሪው ነገር አንዳንድ ውል ውስጥ እውነተኛ ላቲን መኖሩ ነው፤ የመኪና ሞዴል፣ የባንክ ስም ምህጻረ ቃል። ፕሮግራሙ ፎንቱን ካላየ እሱንም አማርኛ ያደርገዋል። አንድ አይሱዙ እንዲህ ሆኖ ማንም የማያነበው ቃል ወጥቶታል።

ስለዚህ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት፣ መብራትም ካለ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍታ እየተያየች ታርማለች። የ2003ቱን ጨርሳ 2004 ላይ ገብታለች።