የማስታወስ ኃይልን የነጠቀው የባሕር ዋቅላሚ

እ.ኤ.አ. በ1987 መገባደጃ ላይ በካናዳ የሚገኙ ሐኪሞች ያልተለመደ የምግብ መመረዝ አጋጠማቸው። ሕሙማኑ ሙሰል የተባለውን ባለቅርፊት የባሕር እንስሳ በበሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ጀመራቸው። ይህ ብቻ ቢሆን እምብዛም ባላስገረመ ነበር። ሆኖም አንዳንዶቹ ብርቱ ራስ ምታት ያዛቸው፤ ጥቂት ቆይተውም የቅርብ ጊዜ ድርጊቶችን ማስታወስ ተሳናቸው። ተራ የምግብ መመረዝ እንዲህ ያለ ጉዳት ስለማያደርስ ሌላ መንስኤ መፈለግ ግድ ሆነ።

በተደረገው ማጣራት ከ250 በላይ ጥቆማዎች ቀርበው 107 ሰዎች የበሽታውን መለያ መስፈርት አሟልተው ተገኙ። ከእነዚህ ሩብ ያህሉ የማስታወስ ችሎታቸው ተጎድቶ ነበር፤ ጉዳቱም ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ይበረታ ነበር። 19 ሰዎች ሆስፒታል ሲተኙ 12ቱ የጽኑ ሕሙማን ክትትል አስፈለጋቸው፤ 3ቱም ሞቱ። የተበላው ሙሰል የመጣው በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ወንዞች ከባሕር ከሚገናኙባቸው ጥልቀት የሌላቸው ውኃዎች ነበር።

የሙሰሉ ጭማቂ የተወጉ አይጦች ሰውነታቸውን ደጋግመው ማከክ ያዙ። ይህ ምልክት ቀደም ሲል ከሚታወቀው፣ አካልን ሽባ ከሚያደርገው የሙሰል መርዝ የተለየ ነበር። በሃሊፋክስ ከተማ የሚገኙ የብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ተመራማሪዎችም በዲሴምበር 1987 በጥቂት ቀናት ውስጥ መርዙ ዶሞይክ አሲድ መሆኑን ለዩ። ይህ ንጥረ ነገር በጃፓን ለአንጀት ትል መድኃኒትነት ያገለግል በነበረ ቀይ የባሕር ተክል ውስጥ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። በካናዳ ግን ያመነጨው ዳያተም ከሚባሉት ወገን የሆነ፣ በዓይን የማይታይ ዋቅላሚ ነበር። ዋቅላሚው በካርዲጋን ቤይ ከመጠን በላይ ተራብቶ ስለነበር ውኃውን እያጠለሉ የሚመገቡት ሙሰሎች መርዙን በአካላቸው አጠራቀሙ።

ዶሞይክ አሲድ ግሉታሜትን ስለሚመስል የነርቭ ሕዋሳትን ያለልክ አነቃቅቶ ይገድላቸዋል። በአስከሬን ምርመራም ለማስታወስ ወሳኝ የሆነው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስ፣ ተጎድቶ ተገኝቷል። መርዙን ምግብ ማብሰል አያጠፋውም። ስለዚህ መከላከያው ሙሰሉ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ውኃውንና ሥጋውን መመርመር ነው፤ የመርዙ መጠን በኪሎግራም ሥጋ ከ20 ሚሊግራም ካለፈ ምርቱ ለሽያጭ አይቀርብም።

የመርዙን ማንነት የለየው ላቦራቶሪው ነው። ፍለጋውን ያስጀመረው ግን ተቅማጥና የማስታወስ ችግር በአንድ ሕመምተኛ ላይ አብረው መታየታቸውን እንደ አጋጣሚ ያላለፈው የሐኪም ዓይን ነው።