መቁጠሪያ ቁጥርና ሙሉ ቁጥር

በሳሪስ አቦ ደብር የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መታሰቢያ ወር በገባ በ5 ሲከበር፣ ቀኑን የሚጠብቀው ምእመን ከልደታ ተነሥቶ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቈጥራል እንጂ ወሩን ከባዶ የሚጀምር የለም። ሰው በእጁ ያለውን ወይም በፊቱ የቆመውን ነገር ሲቈጥር የሚገለገልባቸው፣ ከ1 ተነሥተው ያለ ፍጻሜ የሚቀጥሉት እነዚህ ቁጥሮች በሒሳብ ትምህርት መቁጠሪያ ቁጥሮች ይባላሉ፤ በእነርሱ ላይ 0 ሲታከል ደግሞ ሙሉ ቁጥሮች ይሆናሉ። እንግዲህ መቁጠሪያ ቁጥር ሁሉ ሙሉ ቁጥር ነው፤ ከሙሉ ቁጥሮች ወገን ሆኖ መቁጠሪያ ያልሆነው 0 ብቻ ነው።

በግእዝ አኃዝ ለ0 ምልክት አልተሠራለትም፤ ዐሥሩም መቶውም የየራሱ ፊደል ስላለው፣ ፻፭ ብሎ የሚጽፍ ጸሓፊ 105 ላይ እንደምናደርገው የጎደለውን የዐሥር ቤት የሚሞላበት ነገር አያሻውም። ነገር ግን ምልክቱ ባይኖርም አሳቡ ለሊቃውንታችን እንግዳ እንዳልነበረ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት የሆነው ባሕረ ሐሳብ ይመሰክራል። የ2006 ዓ.ም. በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት 5500 ዓመተ ኵነኔ ሲታከልበት 7506 ይሆናል፤ ይህም ለ19 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ከዚያ 1 ለዘመን ሲቀነስ ወንበር ለሚባለው ቁጥር የሚቀር የለም። መምህሩ ግን ስሌቱን አያቋርጥም፤ «አልቦ» ብሎ ይይዘዋል፤ ወንበር በ11 ተባዝቶ የሚገኘው አበቅቴም አልቦ ይሆናል፤ የአበቅቴና መጥቅዕ የሚባለው የሌላው ቁጥር ድምር ዘወትር 30 ነውና መጥቅዕ 30 ሆኖ ይወጣል። በመቁጠሪያ ቁጥሮች ብቻ ቢሆን 1 ከ1 ተቀንሶ መልስ አይገኝለትም ነበር፤ በሙሉ ቁጥሮች ግን መልሱ ቁጥር ሆኖ ወደሚቀጥለው ስሌት ይገባል። ስለዚህ እኔ በትምህርት ቤት 0 በዚህ በጥንቱ ስሙ፣ አልቦ ተብሎ ቢጠራ እመርጣለሁ።

ከ0 በታች ያሉት፣ 5 ከ3 ሲቀነስ የሚመጡት፣ የሌላ ወገን ናቸው፤ ድፍን ቁጥሮች በሚባሉት ውስጥ ይገኛሉ።

በውጭው ዓለም የሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ ግን የመቁጠሪያ ቁጥሮች ወሰን አንድ አይደለም። ኢጣሊያዊው ጁሴፔ ፔአኖ በ1889 እ.ኤ.አ. የቁጥርን መሠረታውያን ሕግጋት ሲደነግግ ከ1 ጀመረ፤ በኋላ ጽሑፎቹ ግን መነሻውን 0 አደረገ፤ እስከ ዛሬም በሁለቱም መንገድ የሚጽፉ አሉ። ስለዚህ ተማሪ ሆይ፣ መጽሐፉን ስትገልጥ አስቀድመህ ደራሲው አልቦን ከመቁጠሪያዎቹ ወገን ቈጥሮት እንደ ሆነ መርምር።