በኬልኪት ሸለቆ ያልታመሙት

ጠጋ ጠጋ በሉና ወደ ቱርክ አገር፣ ወደ ቶካት ልውሰዳችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። በዚያ የኬልኪት ወንዝ ሸለቆውን ይዞ ይወርዳል፣ ዳገት ዳገቱን መንደሮች አሉ፣ ሰዎቹም እንደኛው አርሰውና ከብት አርብተው የሚያድሩ ናቸው። በብርዱ ወራት በረዶ ይጥላል፤ ከዚያም በረዶው ቀልጦ፣ ሣሩ ለምልሞ፣ ከብቱ ከበረት ሲወጣ መዥገሩም አብሮ ይነሳል። የዚያ አገር መዥገር እግሩ ዝንጉርጉር ነው፤ ሣር ጫፍ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚን አይጠብቅም፤ ትንፋሽና ኮቴ ሲሰማው ከመሬት ተነስቶ እየሮጠ ይከተላል።

በ2002 በዚያ ሸለቆ ገበሬዎች ትኩሳት ያዛቸው፤ ራስ ምታቱና ቁርጥማቱ ተከተለ፣ ከዚያም አንዳንዶቹን ከድዳቸውና ከአፍንጫቸው ደም ይፈሳቸው ጀመር። የክራይሚያ ኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳት ነበር። ይህ በሽታ በ1944 ክራይሚያ ውስጥ አዝመራ ሲያነሱ የነበሩ ወታደሮችን ጥሏል፤ በ1956 ኮንጎ ውስጥ ከአንድ ታማሚ ደም ቫይረስ ተገኘ፤ የሁለቱ ቫይረስ አንድ መሆኑ የታወቀው ግን በ1969 ነው።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በመዥገሩና በከብት ደም ነው፤ የሚያሳዝነው ነገሩ ከመልካም እጅ መጀመሩ ነው። ሴትየዋ ላሟን ስታልብ መዥገር ታያለች፣ ለላሟ ታዝንና ነቅላ በጥፍሯ ትጨፈልቀዋለች፣ ከዚያም ወደ ወተቷ ትመለሳለች። ላሟ ቫይረሱን በደሟ ለሳምንት ያህል ተሸክማው ይሆናል፤ ግን ትበላለች፣ ታመነዥካለች፣ አንዳች ምልክት አይታይባትም። ለአረፋ በግ የሚያርደውም ሰው እጁ ደም በደም ሲሆን ምኑን ይጠረጥራል?

ሐኪም ቤት ከደረሱት ታማሚዎች በቱርክ ከመቶ አምስት ያህሉ ይሞታሉ። ሰዉ የሚያወራው እነሱን ነበር፤ ማን ይፈርድበታል? ከዚያ በ2009 በሽታው በሚበረታበት የአገሪቱ ክፍል ከ3,557 ሰዎች ደም ተቀዳ፤ ደሙ በማሽን ተሽከረከረ፣ ቀዩ ወደ ታች ሲወርድ ቢጫው ውኃ ከላይ ቀረ፣ ያም ጠብ ጠብ እየተደረገ በላብራቶሪ ሳህን ላይ ባሉ ትንንሽ ጉድጓዶች ተጨመረ። ሰውነት ቫይረሱን አንድ ጊዜ ተዋግቶት ከሆነ ፀረ እንግዳ አካሉ ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል፣ ጉድጓዱም ቀለሙን ይለውጣል።

የ356ቱ ለወጠ። ከአሥር ሰው አንዱ ማለት ነው፤ ከነዚህም ውስጥ ከመቶ 88ቱ ይህ ነው የሚባል ሕመም ሳያዩ ያለፉ ናቸው። እስቲ አብረን እናስላ፦ ቫይረሱ ከገባባቸው 1,000 ሰዎች 120 ያህሉ ይታመማሉ፣ ከነሱም ስድስት ያህሉ ይሞታሉ። ሐኪም ቤት በር ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው የሚያየው 120ውን ብቻ ነው፤ ለኔ የበሽታውን ልክ የነገሩን ሳይታመሙ ያለፉት ናቸው። ይህ ግን የታመመውን ሰው አያድነውም፤ በሰፊው የሚሰጥ ክትባት የለም፣ የታማሚው ደምም አስታማሚውን ሊይዝ ይችላል።

እናንተዬ፣ ይሄ የቱርክ ወሬ ብቻ አይደለም። ከአገራችን ከኢትዮጵያ በተለቀሙ መዥገሮች ይኸው ቫይረስ መገኘቱ በ1978 በጽሑፍ ወጥቷል። መዥገር ከከብት መንቀል ደግሞ ለእረኛ የዕለት ሥራ ነው። ስለዚህ የቤታችሁን ልጆች መዥገርን በጥፍር እንዳይጨፈልቁ ንገሩልኝ፤ ሰው ላይ የተጣበቀውን በወረንጦ፣ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ንቀሉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ትኩሳት ከተነሳባችሁም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ መዥገር ነክቶኝ ነበር በሉ።